ለሰባት ያለቀው ቁጥር

አባቴ ዳባት አካባቢ ባለች የገጠር ደብር መሪጌታ ናቸው። በየዘመን መለወጫው ቆመው ጾሙ መቼ እንደሚገባ፣ ፋሲካው መቼ እንደሚውል ለሕዝቡ የሚያውጁት እሳቸው ነበሩ። «ነበሩ» ያልኩት በእኔ ጥፋት ነው።

ባለፈው ክረምት ለዓይናቸው ሕክምና ጎንደር መጥተው ፀዳ የሚባለው ሰፈር እኔ ቤት አረፉ። እኔ የሒሳብ መምህርት ነኝ። ያን ሰሞን ለተማሪዎች ዐውደ ርእይ ስለ አንድ ትልቅ ብቸኛ ቁጥር ፖስተር እየሠራሁ ነበር። ሁለትን አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ጽፈን ስናባዛና ከውጤቱ አንድ ስንቀንስ የሚገኝ፣ ከአንድና ከራሱ በቀር ለምንም የማይካፈል ቁጥር ነው። ካርቶኑ ላይ በወፍራም ማርከር 522,487 ብዬ ጽፌ ሳሎን ውስጥ ግድግዳው ላይ አስደገፍኩት።

ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ሊያዩት መጡ። እኔ ስለ ቁጥሩ ስራቀቅ አባቴ ጥግ ተቀምጠው ጣታቸውን ሲቆጥሩ ቆዩና፣

«ምነው ልጄ፣ ይኼ እኮ ለሰባት ያልቃል» አሉ።

በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያኑ የዘመን ቀመር፣ ዕለቱ የሚታወቀው ሰባት ሰባቱን ገድፎ፣ ማለት እየቀነሱ ጥሎ፣ የተረፈውን በማየት ነው። እሳቸው ደግሞ የመኪና ታርጋ እንኳ ሳይገድፉ አያልፉም።

ደሜ ፈላ። በሰው ፊት አፈርኩባቸው፤ ዛሬ የሚያሳፍረኝ ያ ማፈሬ ነው። «አባዬ፣ ይኼ እንደ እርስዎ የጾም ሒሳብ አይደለም፤ በኮምፒውተር የተረጋገጠ ነው» አልኳቸው። ባልደረቦቼ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። አባቴ «እንግዲያ አርጅቻለሁ» አሉ፤ በማግስቱም ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ፖስተሩን ልሰቅል ስል ቁጥሩን ካገኘሁበት መጽሐፍ ጋር አስተያየሁት። አራቱንና ሁለቱን አቀያይሬ ጽፌያለሁ፤ ትክክለኛው 524,287 ነው። የእኔን በስልኬ ለሰባት አካፈልኩት። ምንም አልተረፈም። እውነተኛው ግን ለሰባትም ሆነ ለአሥራ ዘጠኝ ሲገደፍ አንድ ብቻ ይተርፈዋል። ሰባት ለዕለቱ፣ አሥራ ዘጠኝ ለጨረቃው ዑደት፣ አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የገደፉባቸው ቁጥሮች ናቸው፤ ብነግራቸው ምንኛ ደስ ባላቸው። ደውዬ «ልክ ነበሩ» ማለት አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። አልደወልኩም። ካርቶኑን ቀድጄ በሌላ ጻፍኩና ጭብጨባዬን ተቀበልኩ።

መስከረም ላይ እናቴ ደወለች። አባቴ «ቁጥር ከድቶኛል፣ ሕዝቡን በማይሆን ቀን አላስጾምም» ብለው ዐዋጁን ለሌላ ሰው ሰጥተዋል።

በዚያው ሳምንት ወደ ዳባት ወጣሁ። ደጃፉ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸውና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስህተቱ የእኔ እንደነበረ፣ ባወቅሁ ጊዜም እንደደበቅሁ። ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

«ያን ጊዜ ስመለስ መኪናው ውስጥ ሦስት ጊዜ ገደፍሁት» አሉ ቀስ ብለው። «ሦስት ጊዜም አለቀ። ልጄስ አታሳስተኝም፣ ያሳሳተኝ የራሴ ጭንቅላት ነው ብዬ ተውሁት።»