የግድቡ ውሃ የደፈረሰበት ሳምንት

ባለቤቴ ከሱሉልታ ወደ ተራራው በሚያስወጣው መንገድ ላይ ያለች የአንዲት ትንሽ ግድብ ዘበኛ ነበር። እኛም ከግድቡ ሥር በተሠራች ሁለት ክፍል ቤት እንኖር ነበር። ልጆቻችን አድገው አዲስ አበባ ገብተዋል። ግድቡ በመጀመሪያ ለመስኖ ተብሎ በአፈር የተገነባ ነው። ኋላ ግን አንድ ባለሀብት ዳርቻውን ተከራይቶ መዝናኛ አደረገው። ቅዳሜና እሁድ ሙሽሮች ለፎቶ ይመጡ ነበር፤ ጀልባ ይቀዝፋሉ፣ የተጠበሰ ዓሣ ይበላሉ፣ ልጆቻቸውን በፈረስ ያስዞራሉ።

ውሃው ሲጎድል ጀልባዎቹ ጭቃ ላይ ይቀመጣሉ። ይህ እንዳይሆን የመዝናኛው ሰዎች ትርፉ ውሃ በሚወጣበት የድንጋይ ቦይ አፍ ላይ አፈር የሞሉ ከረጢቶች ደረደሩ። ባለቤቴ አንሡ እያለ ለመናቸው። «ክረምት ሲገባ እናነሣለን» ይሉታል። ክረምቱ ገባ፤ ከተማውን ወደ ገበሬው መሬት ያሰፋዋል በተባለው ማስተር ፕላን የተነሣው ረብሻም አብሮት ገባ። እንግዳ ቀረ። የመዝናኛው ሰዎች በራቸውን ቆልፈው ሄዱ። ከረጢቶቹ ግን እዚያው ቀሩ።

ባለቤቴ ሰኞ ዕለት ዓይኑን ሊታከም አዲስ አበባ ወረደ። ማክሰኞ እመለሳለሁ ብሎኝ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ወደ አዲሱ ገበያ የሚወስደው መንገድ በድንጋይና በጎማ ተዘጋ። ከሰዓት በኋላ ተኩስ ተሰማ፤ ሲመሽ ስልኩም ጠፋ። ደህና ይሁን አይሁን የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። ስለዚህ አደራ ያለኝን ሥራ ያዝኩ።

ሥራው ከባድ አይደለም። ከግድቡ እግር፣ ከድንጋዮቹ መካከል፣ እንደ ጣት የቀጠነ ውሃ ይወጣል። ባለቤቴ በየጠዋቱ ከዚያ ውሃ በነጭ የአረቄ ጠርሙስ ይቀዳና ወደ ብርሃን አንሥቶ ያየዋል። «የአፈር ግድብ ሁሉ ያነባል» ብሎኛል። «እስከጠራ ድረስ ግድ የለም። ከደፈረሰ ግን ውሃው የግድቡን ሆድ እየበላ ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ ከሥሩ ሰው ማደር የለበትም።»

ረቡዕ ጠርቶ ነበር። ሐሙስም ጠርቶ ነበር። ዓርብ ጠዋት ቀድቼ ሳነሣው ቢጫ ሆኖ አገኘሁት። ጠርሙሱ ቆሽሾ ይሆናል ብዬ አጥቤ እንደገና ቀዳሁ። ያው ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ቀድቼ ጠርሙሱን ከነጠላዬ ሥር ያዝኩት። ወደ ላይ ወጥቼ አየሁ። ዝናቡ አራት ቀን ሙሉ ስለዘነበ ኩሬው ከከረጢቶቹ አፍ ደርሷል።

ከእኛ ቤት በታች፣ ወንዙን ተከትለው ዘጠኝ ቤቶች ነበሩ። የመጀመሪያው የአንድ አዛውንት ገበሬ ቤት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ኦቦ ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው ልበላቸው። እኔን ደግሞ አዴ ይሉኛል፤ ወይዘሮ እንደማለት ነው። የልጃቸው ሚስት ከወለደች አሥራ አንድ ቀኗ ነበር። ኦቦ ደጃፋቸው ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

«አካም ቡልተን፣ ኦቦ» ብዬ እንዴት አደሩ አልኳቸው።

«ነጋ፣ ደህና ነን። ምነው አዴ፣ ፊትሽ አመድ መስሏል? ከባልሽ ወሬ መጣ?»

«ከእሱ አይደለም። ግድቡ አስግቶኛል። ሰው ሁሉ ዛሬውኑ ወደ ትምህርት ቤቱ ቢወጣ ደግ ነው።»

ሳቁ፤ ደስ የሚል ሳቅ ግን አልነበረም።

«ቤታችሁን ልቀቁ ነው የምትይን? በካርታ መጡ፣ እምቢ አልን። አሁን ደግሞ በውሃ መጡ?»

«ማንም አልላከኝም፣ ኦቦ።»

«አንቺን ማን ይልክሻል፤ አውቃለሁ። ግን እስቲ አስቢው። እኛ ዛሬ ወጣን። ነገ ስንመለስ አጥር ታጥሮ ብናገኘውስ? ባለፈው ዓመት ከታች ያሉትን ለሁለት ቀን ነው ብለው አይደል ያስወጧቸው? ደግሞስ አራስ ይዤ በዚህ ዝናብ ወዴት ልሂድ?»

ያሉት ሁሉ የሆነ ነገር ነው። እኔ ደግሞ ከአዲስ አበባ የመጣሁ የመንግሥት ሠራተኛ ሚስት ነኝ፤ በዚያ ሳምንት እንደ እኔ ያለ ሰው «ውጡ» ሲል የሚሰማው አልነበረም። ጠርሙሱን ከነጠላዬ ሥር አውጥቼ ሰጠኋቸው።

«ጎርፍ ነው» አሉ ሳይቀበሉኝ።

«ጎርፉ ጥቁር ነው፣ ኦቦ። ይህን ይዩት።»

በተራራው ላይ ያለው አፈር ጥቁር ዋልካ ነው። ዝናብ ሲጥል የሚወርደው ሁሉ ጥቁር ነው። ኦቦ ጠርሙሱን ተቀብለው ትንሽ መዳፋቸው ላይ አፈሰሱ። ውሃው በጣቶቻቸው መካከል ወርዶ አፈሩ ቀረ። በአውራ ጣታቸው አሹት። ከዚያ ቀና ብለው ከቤታቸው ጀርባ ወዳለው ትልቅ፣ አፈሩ ቢጫ የሆነ ጉድጓድ አዩ። ጉድጓዱ ግድቡ ሲሠራ አፈር የተወሰደበት ነው፤ አባታቸው ካሳ ሳያገኙ እንደሞቱ ብዙ ጊዜ ነግረውኛል።

«ዱጋዳ» አሉ ቀስ ብለው፤ እውነት ነው ማለታቸው ነው። «ይህ አፈር የእኛ ነው። ከዚህ ቆፍረው ግድቡ ሆድ ውስጥ ሲጠቀጥቁት በዓይኔ አይቻለሁ። በመኪና ነበር የሄደው፤ አሁን በእግሩ እየተመለሰ ነው።»

ልጃቸውን ጠርተው ቃሬዛ አሠሩ። አራሷን ጋቢ በጋቢ ላይ ደርበው፣ ከላይ ላስቲክ አልብሰው፣ ሕፃኗን በጉያዋ ይዛ አስወጧት። እኔ የቀሩትን ስምንት ቤቶች እያንኳኳሁ እንዴት እንደማሳምን እያሰብኩ ነበር፤ አላስፈለገም። ሰዎች በራቸውን ከፈት አድርገው ቃሬዛውን አዩ። አንዲት ሴት «አራስ ወጣች እኮ!» ብላ ጮኸች። አራስ በክረምት ዝናብ ለውሸት አትወጣም። ሁሉም ልጁንና ዱቄቱን ይዞ ተከተለ። ረፋዱ ላይ ዘጠኙም ቤት ባዶ ነበር።

የቀረው ከረጢቶቹን ማንሣት ነው። ኦቦና ሰባት ወንዶች ዶማና አካፋ ይዘው ወደ ግድቡ ወጡ፤ የሚነሣውን ላሳያቸው እኔም አብሬ ወጣሁ። ከታች ከመንገዱ ለሚያየን ሰው ምን እንደምንመስል ማናችንም አላሰብንም። አንድ የወታደር መኪና ቆሞ ኖሯል። ወታደሮቹ እየሮጡ ወጥተው ከበቡን።

«መሣሪያህን ጣል! ተንበርከክ!»

ወንዶቹ ጭቃው ላይ ተንበረከኩ። ኦቦም ተንበረከኩ። እኔን ማንም ተንበርከኪ አላለኝም፤ ከረጢት ላይ ተቀመጥኩ።

አዛዡ ወጣት ነው። «ግድብ ልትንዱ ነው?» አለ።

«እንዳይናድ ነው» አልኩ። የዘበኛው ሚስት መሆኔን፣ ከረጢቶቹን ማን እንዳስቀመጣቸው፣ ውሃው እንደደፈረሰ ነገርኩት።

«ማን አዘዘሽ?»

«ማንም።»

«እንግዲያው መሐንዲስ እስኪመጣ ማንም ምንም አይነካም።»

«መሐንዲሱ በየት በኩል ይመጣል፣ ልጄ?» አሉ ኦቦ ከተንበረከኩበት። «መንገዱን ወጣቶቹ በድንጋይ ዘጉት፣ እናንተ በመኪና ዘጋችሁት።»

አንዱ ወታደር ሊስቅ ሲል አዛዡ ገላመጠው። ዝናቡ ጀመረ። ከረጢቶቹ አናት ላይ ውሃው ሲንቀሳቀስ ይታየኛል። አዛዡ በሬዲዮ ሁለት ጊዜ ተጣራ፤ የመለሰለት የለም።

«እሺ» አሉ ኦቦ። «እኛ እናጎንብስ፣ አንተ ጠመንጃህን ደግነህ ቁም። ግድቡን ስንመታ ካየኸን ተኩስ።»

አዛዡ ግድቡን አየ፤ ታች ያሉትን ባዶ ቤቶች አየ። ከዚያ «ሦስት ሦስት ሆናችሁ። ዶማ የለም፤ በእጅ ብቻ» አለ።

እንዲያ ሆነ። ሦስት ሰው ከረጢት ያወጣል፤ የቀሩት ተንበርክከው ይጠብቃሉ። ጠመንጃው ተደግኗል። እርጥብ ከረጢት ከባድ ነው፤ በየመካከሉ አንዱ ያዳልጠዋል፤ ባዳለጠው ቁጥር እኔ ዓይኔን እጨፍናለሁ። የመጨረሻው ረድፍ ሲነሣ ውሃው በቦዩ እያገሳ ወረደ። አዛዡ የወንዶቹን ስም በወረቀት ጽፎ ሄደ። ሁለቱ ኋላ ተጠርተው ብዙ ተጠይቀው ተመለሱ።

ትምህርት ቤቱ ውስጥ ቅዳሜ አራሷን ትኩሳት ያዛት። እሁድ ባሰባት። ግድቡ ከመስኮቱ ይታያል፤ እንደቆመ ነው። «ይመጣል ያልሽው ውሃስ የታለ?» አለችኝ አንዲት ጎረቤት። ጤና ጣቢያው ተዘግቷል። እርጥብ ጨርቅ እየቀየርኩ አጠገቧ ተቀምጬ፣ ይህች ልጅ ከሞተች የገደልኳት እኔ ነኝ ብዬ አሰብኩ። ከግድቡ ይልቅ ያ ሁለት ቀን ነው ያስፈራኝ። ሰኞ ሊነጋጋ ሲል አላባትና ትኩሳቱ ለቀቃት። ዓይኗን ገልጣ አየችኝና «አዴ፣ ሁለተኛ ስወልድ እባክዎ በበጋ ይፍሩ» አለችኝ። ወጥቼ ከግድግዳው ጀርባ አለቀስኩ።

ባለቤቴ ማክሰኞ በእግሩ መጣ፤ አንድ ዓይኑ በፋሻ ተሸፍኗል። ቤት ሳይገባ ወደ ግድቡ እግር ሄደ። ውሃው ጠርቶ ነበር። ከመውጫው ሥር የተከማቸውን ቢጫ አፈር በሁለት እጁ እየሰፈረ አየው።

«እኔ ብሆን ሰው ከማስወጣቴ በፊት አንድ ቀን እጠብቅ ነበር» አለ።

«ለምን?»

«አራስ አለች እኮ።»

«ከአንድ ቀን በኋላስ?»

አፈሩን ከእጁ አራገፈ። «እንጃ» አለ።

ግድቡ ስላልፈረሰ ማናችን ትክክል እንደነበርን የሚያውቅ የለም። ይህን ንግግራችንን ለኦቦ እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም።