ለመልስ ቀን የተቀባው ጥቁር ሰማያዊ

አርብ ገበያ ከተማ ለማስተማር ስመጣ የተከራየሁት ክፍል ከአከራዬ ሳሎን ጋር አንድ ጣሪያ ይጋራል። የሳሎኑ ግድግዳ በኖራ የተቀባ ነበር። ኖራ ቤት ያበራል፤ ክፋቱ፣ የተደገፈው ሰው ልብስ ላይ ይቀራል።

ለአከራዬ ሴት ልጅ ሽማግሌ የተላከ ጊዜ ሦስቱ ሽማግሌዎች መደቡ ላይ ተቀምጠው፣ ግድግዳውን ተደግፈው ቆዩና የጥቁር ኮታቸው ጀርባ ነጭ ሆኖ ወጡ። መንደሩ «ልጅ ጠይቀው ዱቄት ተሰጣቸው» ብሎ ሳቀ። ለመልሱ እሑድ ሊመጡ ተቀጥረው ነበር።

«እንዲያ ሆነው ደግመው ከቤቴ ከወጡ ፊቴን የት አደርገዋለሁ?» አሉ አከራዬ።

እኔም መፍትሔ አቀረብኩ። በትምህርት ቤታችን የግድግዳው የታችኛው ክፍል በጠቆረ የዘይት ቀለም ይቀባል፤ ልብስ አይነካም፣ በጨርቅም ይጸዳል። «እኛም የተቀመጠ ሰው ትከሻ እስከሚደርስበት ጥቁር ሰማያዊ እንቀባው። ከላይ ኖራው ይቆይ፤ ብርሃኑን እሱ ይሰጣል።»

«ጥቁር? ለሠርግ ቤት?»

«ጥቁር ሰማያዊ ነው እትዬ። ሲመሽ እንደሚታየው ሰማይ።»

«ሲመሽማ ሰማዩ ጥቁር ነው፣ መምህር።»

ቢሆንም ፈቀዱልኝ። ሐሙስ ዕለት ኖራውን ፋቅሁ፣ ግድግዳውን በውኃ አጠብኩ፣ ስንጥቁን በጭቃ መረግሁ፤ ጭቃው ሳይደርቅ ያንኑ ቀን ቀባሁት። እርጥበት መውጫ እንደሚፈልግ ለተማሪዎቼ አስተምራለሁ፤ እዚህ ግን ረሳሁት። ቅዳሜ ማታ ግድግዳውን ስነካው ጣቴ ሰማያዊ ሆነ። አግዳሚ ወንበሮች ተውሰን መሃል ቤት ደረደርን።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። ሦስቱም ነጭ ጋቢ ለብሰዋል።

«ተምረናል» አሉ ትልቁ እየሳቁ። «ነጭ በነጭ ላይ አይታይም።»

አከራዬ ዞር ብለው አዩኝ።

የመልስ ቀን ወግ እንደሚያዘው «ልጅቱ ሳትፈቀድልን አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። መልስ ሰጪው የአከራዬ ወንድም ነበሩ፤ ንግግር ይወዳሉ። ከሁለቱ ቤተሰብ አያቶች ጀመሩ። ትልቁ ሽማግሌ መቆም ደከማቸውና አንድ እርምጃ ወደ ግድግዳው አፈገፈጉ። ከዚያ ሌላ እርምጃ።

«ወንድሜ፣ ሰዎቹን አታቁም!» አሉ አከራዬ። «ስጣቸውና ይቀመጡ።»

ወንድምየው ገና ከአያቶች ወደ አባቶች አልደረሱም ነበር። ንግግራቸውን ዋጡና «እንግዲህ፣ ሰጥተናል» አሉ። ሽማግሌዎቹ ወንበሮቹ ላይ ተቀመጡ።

«እንዲህ የምትቸኩል የልጅ እናት አይቼ አላውቅም» አሉ ትልቁ።

«አባባ፣ ያስቸኮለኝ ግድግዳው ነው» ብለው ነገሩን ሁሉ አወጡት፤ የኔንም ጥፋት ሳይቀር። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሲወጡ ሽማግሌዎቹ በር ላይ ቆመው በየተራ አንዱ የሌላውን ጀርባ አየ። የሦስቱም ንጹሕ ነበር።

ቀለሙ ለመድረቅ ሌላ ሳምንት ወሰደ። አከራዬ ጥቁር ሰማያዊውን አሁን ወደውታል፤ ለሠርጉ ጓዳውንም እንድቀባላቸው ጠይቀውኛል። እሺ ብያለሁ። መጀመሪያ ግን ጭቃው ይድረቅ።