መነጽሬን ረስቼ ነው

ሳህሉ ዘርይሁን መነጽር ኖሮት አያውቅም። ዓይኑ ደህና ነው። ከአርችዌይ ቁልቁል የሚነዳውን አውቶብስ ይዞ ሲወርድ ፌርማታው ላይ የቆመችው አሮጊት እጇን ከኪሷ ስታወጣ ገና ከሩቅ ያያታል። መሥሪያ ቤቱ የሚልከው ሐኪምም በመረመረው ቁጥር «እንደ ጎረምሳ ነው የምታየው» እያለ ያሰናብተዋል። እንዲያም ሆኖ ይህ ሰው ለንደን ከገባ ጀምሮ፣ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር በኪሱ ይዞ ይዞራል፦ «መነጽሬን ረስቼ ነው።»

መጀመሪያ የተናገራት ክሮይደን፣ የስደተኞች ጉዳይ በሚታይበት ቢሮ ውስጥ ነው። አስተርጓሚዋ «አይዞህ፣ ይሄኛው በአማርኛ ነው» ብላ አንድ ወረቀት ስታቀብለው ይባስ ላብ አጠመቀው። ሳህሉን የሚቸግረው እንግሊዝኛ አይደለማ! የሚቸግረው ጽሑፍ ነው። አንድ አንድ ቃል ለቅሞ ያነባል፤ የመንገድ ስም፣ «መውጫ»፣ «መግቢያ» አያቅተውም። አንቀጽ ሲሆን ግን መስመሩ ከመስመር ይጋባበታል፤ መጨረሻው ላይ ሲደርስ መጀመሪያው ከእጁ ወጥቷል። አዲስ አበባ ተማሪ ሳለ ለዚህ የሚታዘዝለት መድኃኒት አርጩሜ ነበር። ስምም ወጥቶለት ነበር፤ ደደብ። አስተማሪው የክፍሉን ልጆች በየስማቸው ሲጠሩ እሱን በዚህ ነበር የሚጠሩት፤ እሱም «አቤት» ይል ነበር።

ያተረፈው ጆሮው ነው። አጠገቡ የተቀመጠው ልጅ አንዴ ካነበበለት ምዕራፉን ሙሉ ይሸመድደዋል፤ ከዚያ ተራው ሲደርስ ተነስቶ፣ ጣቱን መስመሩ ላይ እያስኬደ፣ ሳይደናቀፍ ይወርደዋል። በእኛ ዘንድ በቃሉ የሚያነበንብ ልጅ ጎበዝ አንባቢ ነው። ጣቱ የትኛው ቃል ላይ እንዳለ ጎንበስ ብሎ ያየ አንድ አስተማሪ አልነበረም። በዚህ ዓይነት ስምንተኛ ክፍል ደረሰ፤ በዚህ ዓይነት የመንጃ ፈቃዱን የጽሑፍ ፈተና ጥያቄው በጆሮ ማዳመጫ እየተነበበለት አለፈ፤ የአውቶብሱን መስመሮች በመጠጥ ቤቱና በመድኃኒት ቤቱ ምልክት አጠና። አደጋ የሚመዘገብበት ፎርም ሲመጣ «መነጽሬን ረስቼ ነው» ብሎ ቤት ይወስደዋል፤ ሚስቱ ሮማንወርቅ ትሞላለታለች። ሮማንወርቅ ካምደን ባለ ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ የምትንከባከብ ጨዋ ሴት ናት። በሃያ ዓመት ትዳር የባሏን መነጽር አንድ ቀን አይታው አታውቅም። «የታለ?» ብላም ጠይቃ አታውቅም። ገመናውን መሸፈኗ ነበር።

ከዚያ ዝማሬ ተወለደች።

ዝማሬ አሁን አሥር ዓመቷ ነው። ስድስት ዓመቷ ላይ ከትምህርት ቤት በየዓርቡ አንድ የንባብ መጽሐፍ ይሰጧት ጀመር፤ ቤት አንብባ ሰኞ አስተማሪዋ ፊት የምታነበው። ሳህሉ በመጀመሪያው ዓርብ የልጁ ዓይን ከገጹ ላይ ሲሸሽ አየ። አንዴ ብቻ ነው ያየው፤ በቃው። ከአስተማሪ በፊት፣ ከሐኪም በፊት አወቀ። አውቆስ ምን አደረገ? እዚህ ላይ ነው ሰውዬውን ይዞ መነቅነቅ የሚያሰኘው። ሙያውን አስተማራት።

ዓርብ ማታ እናት ታነባለች፤ አባትና ልጅ ሶፋው ላይ ተጣብቀው ያዳምጣሉ። ቅዳሜ ሁለቱ ይለማመዳሉ። ውሻው ሲሮጥ የሚያሳየው ሥዕል ሲመጣ ይህ ይባላል፤ ዝናቡ ሲመጣ ያኛው ይባላል። ጣት ከመስመሩ አይነሳም። ከጠፋብሽ ሳል አድርጊ፤ ካልሆነ ውሃ ጠይቂ። ሰኞ ዝማሬ ሳትደናቀፍ ትወርደዋለች፤ የንባብ ደብተሯ ላይ ኮከብ ይለጠፍላታል። ሳህሉ ያን ኮከብ ባየ ቁጥር ልጄን ከአርጩሜ አዳንኳት ይል ነበር። በዚያ ትምህርት ቤት አርጩሜ የሚባል ነገር የለም! አገር ቤት ትቶት ከመጣው በትር ልጁን ሲሸሽግ፣ እዚህ እጁን ዘርግቶ ሊረዳት የሚችለውን ሰው አሳወረው።

መጻሕፍቱ እየወፈሩ መጡ። በዘጠኝ ዓመቷ ጆሮዋ አልችል አለ፤ ሰኞ ጠዋት ሆዷን ያማት ጀመር። አንድ ቀን ሳህሉ የመኝታ ቤቷን በር ሲከፍት ግንባሯን በቡጢ እየመታች «አይም ስቱፒድ፣ አይም ስቱፒድ» ስትል ሰማት። ያ «ደደብ» የተባለው የእሱ ስም ነበር። ማን እንዳቀበላት አላወቀም፤ እንግሊዝኛ ተናግሮ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ቤቱ ድረስ መጥቶበታል። ያን ዕለት ሥራ ላይ ሲውል ደሙ ፈልቶ፣ መንገድ በዘጋበት መኪና ሁሉ ላይ ጡሩምባ ሲነፋ ዋለ።

የነገሩን ስም ያገኘው በዚያው ሰሞን፣ በዕረፍት ሰዓቱ ከከፈተው ሬዲዮ ላይ ነው። ዲስሌክሲያ ይባላል። ስንፍናም ድድብናም አይደለም፤ አንጎል ድምፅን ከፊደል የሚያገናኝበት መንገድ ለየት ሲል ነው አሉ። ከቤተሰብ ይወረሳል አሉ። እንደ ጉንፋን አይለቅም፤ ግን ድምፅና ፊደሉን ደረጃ በደረጃ የሚያስተምራት፣ ጥያቄ የሚያነብላት፣ ተጨማሪ ሰዓት የሚሰጣት ካገኘች ልጅቱ ትማራለች አሉ። ሳህሉ ማታውኑ የሰማውን ለሚስቱ ነገራት። በማግሥቱ ሮማንወርቅ ለትምህርት ቤቱ ማመልከቻ ጻፈች፤ ዝማሬ ለምርመራ ከሚጠባበቁት ልጆች ዝርዝር ውስጥ ገባች። ፎርሙ ላይ «በቤተሰብ ውስጥ ማንበብ የሚቸገር ሰው አለ?» የሚል ጥያቄ ነበር። ሮማንወርቅ ጮክ ብላ አነበበችለትና እስክሪብቶውን ይዛ ጠበቀችው። «የለም በይ» አለ።

ወረፋው ሲጠበቅ ደግሞ ፊልም መጣ። የቤተ ክርስቲያናቸው ወጣቶች፣ ፊልም በሚማረው በሔኖክ መሪነት፣ ማንበብ ስለሚያቅታት ልጅ አጭር ፊልም ሊሠሩ ተነሱ። አሳባቸው መልካም ነበር። ዋናዋን ገጸ ባሕርይ ለዝማሬ ሰጧት፤ የነገሯትን የማትረሳ ልጅ ናት አሉ። አዎ፣ አትረሳም!

ፊልሙ አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው። ልጅቱ ማንበብ ያቅታታል፤ ፊደሎቹ ከገጹ ላይ እየተነሱ እንደ ጉንዳን ይተራመሳሉ፤ ልጆች ይስቁባታል፤ እናት መስኮት ሥር ታለቅሳለች። ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ደግ አስተማሪ ታቅፋታለች፣ ምዕመናን ይጸልዩላታል። በመጨረሻ ልጅቱ መድረክ ላይ ወጥታ ረጅም ደብዳቤ ሳትደናቀፍ ታነባለች። ሙዚቃ። እሑድ ከአገልግሎት በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሲታይ ሰው ሁሉ አለቀሰ። እህት አልታየሽ ማይክሮፎኑን ይዛ «ጌታ ልጃችንን ፈወሳት!» ስትል እልልታው ቀለጠ። ሳህሉ ግን ጥርሱን ነክሶ ተቀምጦ ነበር። ያን ደብዳቤ ልጁ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከእናቷ ስልክ ላይ እየሰማች ስትሸመድደው አብሯት ነበራ!

ሔኖክን በር ላይ ያዘው።

«ስማ ሔኖክ፣ ልጅቱ መጨረሻ ላይ ለምንድነው የምታነበው?»

«ጋሽ ሳህሉ፣ ኤንዲንግ ያስፈልጋላ! ለሰው ሆፕ መስጠት አለብን።»

«ካላነበበች ተስፋ የላትም ማለት ነው?»

«እንደሱ ሳይሆን… ለተመልካች ይከብዳል።»

«ለተመልካች!» አለ ሳህሉ። ሔኖክን ብቻ መውቀስ ግን ልክ አይሆንም፤ ሌሎቹ ፊልም ሠሪዎችም ያው ናቸው። እንዲህ ያለች ልጅ ፊልም ላይ ከወጣች ወይ ትድናለች፣ ወይ ሥዕል ስላ ዓለምን ጉድ ታሰኛለች። ዕድሜ ልኳን ቀስ ብላ የምታነብ፣ ምንም የተለየ ተሰጥኦ የሌላት፣ ምሳዋን በልታ ወደ ክፍሏ የምትመለስ ልጅ ማንም ካሜራ አይደግንባትም። እሷ ለተመልካች ትከብዳለቻ!

ሮማንወርቅ ግን እናት ናት፤ ደስ ብሏት ነበር። የደብዳቤዋን ትዕይንት ከስልኳ ላይ አውጥታ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ለዝማሬ አስተማሪ አሳየች፤ ቅጂውንም ላከች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሦስቱም ተጠሩ። ድጋፍ የሚያሻቸውን ልጆች የሚከታተለው አስተማሪ ቤንጃሚን ይባላል፤ ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፣ ፊት ለፊቱ ወፍራም ፋይል ተቀምጧል። ንግግሩ በእንግሊዝኛ ነበር።

«ደስ የሚል ዜና ነው ያለኝ» አለ። «የአራት ዓመት የንባብ ደብተሯን አየሁት፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም ኮከብ ነው። ቪዲዮውም ላይ በጣም ጥሩ ታነባለች። በቅርቡ የደከመችው ምናልባት ቤት ውስጥ ሌላ ቋንቋ ስለሚነገር ይሆናል። ለጊዜው ከዝርዝሩ እናወጣታለን።»

ሳህሉ እሳት ጎረሰ። «ሸምድዳው ነው!»

«አራት ዓመት ሙሉ?» ቤንጃሚን ፈገግ አለ። «አቶ ሳህሉ፣ እንዲህ የምትሸመድድ ልጅ ብትኖረን ደስታውን አንችለውም።»

«አይታው የማታውቀውን ስጣት።»

ቤንጃሚን ከመደርደሪያው አንድ መጽሐፍ አወጣና መሃሉን ገልጦ ሰጣት። ዝማሬ ጣቷን መጀመሪያው መስመር ላይ አሳረፈች። ልክ አባቷ እንዳስተማራት። ሳለች። ውሃ ጠየቀች፤ መጣላት፤ ጠጣች። አባቷን አየች። ከዚያ ቀና ብላ፣ በዚያ ጥርት ባለ የለንደን እንግሊዝኛዋ፣ «ይቅርታ፣ መነጽሬን ረስቼ ነው» አለች።

ቤንጃሚን ፋይሉን ማገላበጥ ጀመረ። «መነጽር ታደርጋለች እንዴ? እዚህ አልተጻፈም።»

ሮማንወርቅ ዘወር ብላ ባሏን አየችው። በሃያ ዓመት ውስጥ እንደዚያ አይታው አታውቅም።

ይህችን ሳህሉ አላስተማራትም ነበር። ሳሉንና ውሃውን እንጂ ይህችን አልሰጣትም። ክሊኒኩ ውስጥ፣ ባንኩ ውስጥ፣ ቤተ ክርስቲያን ጥቅስ አንብብ ሲባል፣ እጁን ይዛ አጠገቡ ቆማ ራሷ ለቅማታለች። በአስተማሪው፣ በሔኖክ፣ በእህት አልታየሽ፣ በዚያ ባለ አርጩሜ ሰውዬ ላይ ሲነድ የከረመው ቁጣ ባለቤቱን አገኘ።

መጽሐፉን ከእጇ ወሰደ። «እኔ አነባለሁ» አለ።

አነበበ። አንድ ቃል፤ ከዚያ ረጅም ዝምታ፤ ከዚያ ሌላ ቃል። ሁለተኛው መስመር ላይ ወደ አራተኛው ዘለለ፤ ተመለሰ፤ እንደገና ጠፋበት። ላቡ ጢሙ ላይ ተንጠባጠበ። ቤንጃሚን ፊቱ ቀልቶ «ይበቃል አቶ ሳህሉ፣ ግድ የለም» አለ።

«አልጨረስኩም!» ጠረጴዛውን በመዳፉ ሲመታው የውሃው ብርጭቆ ዘለለ።

አንቀጹን ጨረሰ። ዝማሬ አፏን ከፍታ ታየው ነበር።

«አራት ዓመት ያነበበችው እሷ አይደለችም» አለ ሳህሉ። «እናቷ ናት። ያስሸመደድኳት እኔ ነኝ። በቤተሰብ ውስጥ የሚቸገር የለም ብዬ ያስሞላሁትም እኔ ነኝ። ዋሽቼ ነው። ጻፈው። ያንን ቪዲዮም ከፋይልህ አውጣው፤ እሱ ፊልም ነው።»

ቤንጃሚን መሳቢያውን ከፍቶ አዲስ ፎርም አወጣና «እንግዲህ ከመጀመሪያው እንጀምር። ያንብቡትና ልክ ከሆነ ይፈርሙበት» ብሎ ወደ ሳህሉ ገፋው።

ሮማንወርቅ እንደ ልማዷ ወረቀቱን ልትወስድ እጇን ዘረጋች። ሳህሉ እጇን ቀስ አድርጎ ያዘና ፎርሙን ወደ ቤንጃሚን መለሰው።

«አንተ አንብብልኝ» አለ፣ ልጁ እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «መነጽር የለኝም። ኖሮኝም አያውቅም።»