በመገበሪያው ስንዴ ውስጥ የደበቅኋቸው ቀንድ አውጣዎች

እኛ የላሊበላ ልጆች ባሕር አናውቅም፤ ክረምቱ ሲወጣ ከቤታችን በታች የሚቀረው ወንዝ ለእኔ ባሕሬ ነበር። እናቴ ልብስ ስታጥብ እኔ ድንጋይ እየገለበጥኩ የቀንድ አውጣ ቅርፊት እለቅማለሁ። ቱሪስት የጣለው የውሃ ፕላስቲክ ውስጥ ሞልቼ ቤት ሳደርሰው እናቴ «ይሄን ቆሻሻ!» ብላ ትደፋብኛለች። እኔም እልኸኛ ነኝ፣ በማግስቱ እንደገና እለቅማለሁ።

ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላኝ አይቀርም፣ አንድ ቀን ሰባት የሚያማምሩ አገኘሁ። እነዚህንስ አላስደፋም አልኩ። በቤታችን ማንም የማይነካው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ የመገበሪያው ማሰሮ። አባቴ ቄስ ነበሩ። ለቅዳሴው ኅብስት የሚሆነውን ስንዴ ካህናቱ በየተራ ያቀርባሉ፣ ያን ሳምንት ተራው የእኛ ነበር። እናቴ ስንዴውን አንድ በአንድ ለቅማ፣ አጥባ፣ አድርቃ ከድናዋለች። ከዚህ የተሻለ መደበቂያ ከየት ይመጣል? ሰባቱንም እዚያው ቀበርኳቸው።

ባዶ ቅርፊት መስለውኝ ነበር። ጠዋት አባቴ ስንዴውን ሊወስዱ ክዳኑን ሲያነሱ፣ ቀንዳቸውን አውጥተው፣ ልጋጋቸውን በስንዴው ላይ እየጎተቱ ይሄዳሉ።

እናቴ ጮኸች። እንዲህ ያለ ነገር የሄደበት ስንዴ ለመሥዋዕት አይሆንም። አባቴ ዞር ብለው አዩኝና ክዳኑን መለሱት።

ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ተከተልኳቸው። ገበዙ፣ የአባቴም የንስሐ አባት የሆኑት ሽማግሌ፣ በሩ ላይ ቆመዋል።

«ስንዴውሳ?»

«ረክሷል አባ። ክዳኑን ሳላጠብቀው ቀርቼ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው።»

አባቴ ሲዋሹ የሰማኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ገበዙ በዲያቆናቱ ፊት ተቆጧቸው፣ ሌላ ስንዴ እንዲያመጡና መቶ ስግደት እንዲሰግዱ አዘዟቸው። አባቴ ደግሞ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ፣ ግን ፈራሁ። ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል።

ቤት ደርሰው መስገድ ጀመሩ። እኔ በሩን ይዤ አያለሁ። ሠላሳ ላይ ሲደርሱ ጉልበታቸው እንቢ አለ፣ ግድግዳውን ይዘው ቆሙ። ከዚያ በላይ አልቻልኩም።

«አባዬ፣ እኔ ነኝ የከተትኳቸው» አልኩ፣ እያለቀስኩ።

«አውቃለሁ ልጄ።»

«ይቀመጡ። የቀረውን እኔ እሰግዳለሁ።»

ተቀመጡ። ሰባውን እኔ ሰገድኩ፣ እሳቸው ቆጠሩልኝ። አንዲትም አልዘለሉልኝም።