ባለቤቱ ወፍሮ ጠበበው

ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ ምእመናን የለገሱትን ልባሽ ጨርቅ ለድሃ በርካሽ የምትሸጥ ሴት አለች። ልብሱ አብዛኛው ከሟች ቤት የሚመጣ ነው። የመድኃኒት ሽታው እስኪለቅ ታጥበዋለች፤ ከኪሱ የምታገኘውን ክኒንና መሀረብ ፊቷን አዙራ ትጥለዋለች። ድሃው የሟች መሆኑን ካወቀ አይገዛም፤ ካልገዛ ደግሞ ብርዱ አይምረውም። ስለዚህ "የማን ነበር?" ላላት ሁሉ መልሷ አንድ ነው።

"ባለቤቱ ወፍሮ ጠበበው፣ የኔ ልጅ።"

አንድ ተረበኛ ሽማግሌ፣ "ምነው እትዬ፣ የዚህ ሰፈር ሰው ምን እየበላ ነው እንዲህ የሚወፍረው?" ሲሏት እንኳ ፈገግ አላለችም።

ዛሬ ከቤቷ አንድ ግራጫ ካፖርት በክንዷ ይዛ መጣች። ንጹሕ ነበር፤ ግን ሁለቴ ተኮሰችው፤ ከሌሎቹ ኋላ ሰቀለችው። አንድ የቀን ሠራተኛ ከዚያ ጎትቶ አወጣውና ለበሰው። ልክክ አለለት።

"የማን ነበር፣ እትዬ?"

ኮሌታውን ልታስተካክልለት የዘረጋችው እጅ እዚያው ቀረ።

"ባለቤቱ..." አለች፤ "ባለቤቱ ከስቶ፣ ከስቶ፣ ሰፋው።"