ሳይቀቀል የታጠነ ጠርሙስ

የተቀቀለ ጠርሙስ ከድስት ሲወጣ እንፋሎቱ ፊት ይመታል። ባለፈው ቅዳሜ ለልጆቼ ዳጣ ልሞላ ስሰናዳ መታኝና ሥራዬን ትቼ ቁጭ አልሁ። ሞኝ ነሽ በሉኝ፤ በዚህ ዕድሜዬ አለቀስሁ።

እናቴ አዋዜ ስትሠራ ጠርሙስ ማጽዳቱ የእኔ ድርሻ ነበር። ቤታችን ለጣና ቅርብ ስለሆነ ከዳር ጠጠር ለቅሜ እመጣለሁ፤ ጠጠሩን ከሙቅ ውሃና ከሳሙና ጋር ጠርሙሱ ውስጥ ከትቼ አንቀጫቅጫለሁ። ከዚያ መቀቀል፣ ከዚያ ደርቆ እስኪያልቅ ፀሐይ ላይ መድፋት። በመጨረሻ እንደ ወተት ዕቃ በወይራ ይታጠናል። ጠርሙሶቹ ጥቁር አረንጓዴ ስለነበሩ ውስጣቸው አይታይም፤ እናቴ አፋቸውን ታሸታለች። በወይራ የሚታጠነው የደረቀ ዕቃ ብቻ ነውና ሽታውን ታምነዋለች።

እናቴና ጎርጎራ የምትኖር ታላቅ እህቷ በወላጆቻቸው ቤት ውርስ የተነሣ ከተኳረፉ ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። አንድ ቀን እናቴ በርበሬ አስፈጭታ መጣች።

"አክስትሽ የእኔን አዋዜ ትወድ ነበር። ብትቀምሰው ልቧ ይራራ ይሆናል" አለችና ሦስት ጠርሙስ ሰጠችኝ።

ጓደኞቼ ግን ሐይቁ ዳር ይጠብቁኝ ነበር። የላምባ ምድጃችን ደግሞ ውሃ እስኪያፈላ ነፍስ ያወጣል። እኔ ቀልቃላዋ አጠብ አጠብ አድርጌ፣ ሳልቀቅል፣ እርጥባቸውን በወይራ አጠንኋቸው። እናቴ አሸተተችና "ተባረኪ የኔ ልጅ" አለችኝ። ያ ምርቃት እስካሁን ያቃጥለኛል።

አዋዜው እንዲበስል ሁለት ሳምንት ተቀመጠና በጀልባ ሄደ። በሚቀጥለው ሳምንት ሦስቱም ጠርሙሶች ተመለሱ። አንዱ ተከፍቶ አፉ ላይ ነጭ ሻጋታ ይታያል። ጀልባ ነጂው አንገቱን ደፍቶ፣ "ለእኔ የሚገባኝ ይኼ ከሆነ ደህና ሁኚ ብለዋል" አላት።

እናቴ መዳፏን ገልብጣ አየች። "እጄ ከዳኝ" አለች። ልናገር አፌን ከፈትሁ፤ ፈራሁና ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ አዋዜ አልሠራችም፤ እህቷንም ሳታይ ሞተች።

አክስቴ እግራቸው ታሞ ስለነበር ለቀብሯም አልመጡም። ከአርባዋ በኋላ ጎርጎራ ሄጄ ሁሉንም ነገርኋቸው።

"አዋዜው የደረሰኝ ቀን፣ በሚመለሰው ጀልባ ልመጣ ጓዜን ጠቅልዬ ነበር" አሉኝ። "ልቅመሰው ብዬ ከፈትሁና፣ ጓዜን ፈታሁት።"

"ይቅር ይበሉኝ" አልሁ።

"አንቺማ ልጅ ነበርሽ። እኔ ነኝ ታላቋ፤ መምጣት ነበረብኝ።" ቀጥለውም፣ "ስትሞት ስሜን ጠርታ ነበር?" ብለው ጠየቁኝ።

እናቴ በመጨረሻ ቀኖቿ አፏ ተይዞ የማንንም ስም አልጠራችም።

"ጠርታዎታለች" አልኋቸው። አክስቴ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ፤ እኔም አብሬ አለቀስሁ።