ስለ እናቱ የሚናገረው ሰው

ጣቱን በምራቁ እያራሰ ወረቀቶቹን በተራ ይደረድራል። የገጾቹ ጥግ ሁሉ ረጥቧል። ልጄ ንግግር ወደምትለማመድበት ክበብ ይዛኝ መጥታ ከጎኑ ተቀምጬ ስለነበር ጽሑፉን ሳልፈልግ አየሁት። አንድ ቦታ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «እዚህ ጋ ዝም፤ ከዚያ እንባ» ይላል። ኮቱ የተተኮሰው ከፊት ለፊት ብቻ ነው።

ስልኩ ጠራ። የእህቱ ድምፅ እስከ እኔ ድረስ ይሰማል።

«ወንድም ጋሼ፣ የእማዬን መድኃኒት ገዛህ? ትንፋሽ እያጠራት ነው፤ ትቻት መውጣት አልቻልኩም። ፋርማሲው ሊዘጋ ነው።»

«አንቺ ደግሞ፣ ስለ እሷው እኮ ነው የምናገረው» ብሎ ዘጋባት።

ተራው ደርሶ ወደ መድረኩ ወጣ። «መሪ ማለት አገልጋይ ነው። እኔ መሪነትን የተማርኩት እናቴን በማስታመም ነው» አለ። ከዚያ ዝም አለና እንባው በሰዓቱ ከተፍ አለ። ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። እኔ እጄን ከጭኔ ላይ አላነሳሁም።

ሲመለስ አዳዲሶቹ አባላት ከበቡት። እሱም ድምፅ የት ላይ መሰበር እንዳለበት ያስረዳቸው ጀመር። በመስኮቱ ማዶ የፋርማሲው ሠራተኛ ደጅ ያለውን ሚዛን ወደ ውስጥ ስታስገባ አየሁና እንደምንም ደፍሬ ሰውዬውን ጠራሁት።

«ልጄ፣ ፋርማሲው እየተዘጋ ነው።»

«አንድ ደቂቃ፣ እናቴ» አለኝ ሳያየኝ። ከኪሱ መሐረብ ሲያወጣ የሐኪም ማዘዣው አብሮ ወጣ። ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገውና የውሃ ብርጭቆውን አስቀመጠበት።